ለእማዬ የወጣው ወንበር

ይህ ነገር በእኔ ላይ የደረሰ ነው። የፈለገ ይመን፣ ያልፈለገ ይሳቅ። በሌላ ሰው ላይ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ።

ጨለማ የለበትም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ። እኔ ደረጃ ሥር በተሸጎጠችው የስልክ መጠገኛ ሱቄ ውስጥ አንገቴን ደፍቼ የተሰበረ ስክሪን እነቅላለሁ።

ስልኬ ጮኸ።

ፎቶ ገባ...

ፎቶውን ከመንገሬ በፊት ስለ እማዬ ልንገራችሁ።

እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። አንዱ ክፍል ግድግዳ ላይ የሜዳ አህያ ተስሎ ነበር። ልጆቹ በእጃቸው ያቆሽሹታል፣ እሷ ትወለውለዋለች። ስትወለውለው፣ ስትወለውለው መስመሩ አለቀ። "ጡረታ ስወጣ ተራ አህያ አድርጌው ነው የወጣሁት" ትላለች።

ዘንድሮ ዓይኗ መድከም ጀመረ። ሐኪሙ "የሚያዩትን ቶሎ ይዩ" አላት።

ከሐኪም ቤት ስንወጣ ክንዴን ይዛ "መስመሩ ያልተፋቀ የሜዳ አህያ አሳየኝ" አለችኝ።

ሌላ ነገር አልጠየቀችም።

ስለዚህ ሳፋሪ ማቀድ ጀመርኩ። እኔ! ከሰፈሬ ስወጣ መንገድ የሚጠፋብኝ ሰው። ትልልቆቹ ፓርኮች ለእማዬ ጉልበት ሩቅ ናቸው። የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ብሔራዊ ፓርክ አገኘሁና ደወልኩ። ያነሳው የፓርኩ ጠባቂ ራሱ ነው።

"አንበሳ አላችሁ?"

"የለንም።"

"ዝሆንስ?"

"ድሮ አንድ አልፎ ነበር ይላሉ። እኔ አላየሁም። የሜዳ አህያ ግን ሞልቶናል።"

ሰውየውን ወደድኩት።

እማዬ ከሩቅ እንደማታይ ነገርኩት። "ችግር የለም" አለ። "ለእንደዚህ ዓይነት እንግዳ ውሃው ዳር ወንበር አስቀድመን እናወጣለን፣ እንስሳቱ እንዲለምዱት። የእናትህን ሽታም እንዲለምዱ ከልብሳቸው አንድ ላክልኝ። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም፤ የሰው እጅ ከበዛበት ይሸሻሉ። እኔ የውሃ ታንከሩ ማማ ላይ ወጥቼ በየቀኑ ፎቶ እልክልሃለሁ። ሲለምዱት ትመጣላችሁ።"

የእማዬን አረንጓዴ ባለቁልፍ ሹራብ በአውቶቡስ ላክሁለት።

የመጀመሪያው ፎቶ ደህና ነበር። የፕላስቲክ ወንበር፣ መደገፊያው ላይ የተጣለ ሹራብ፣ ውሃ። እንስሳ የለም።

ያን ቀን ሰባት ሰዓት ላይ የገባው ግን...

ሹራቡ ከመደገፊያው ወርዷል። እጅጌዎቹ በወንበሩ ክንዶች ላይ ተዘርግተዋል። ቀኙ በቀኝ። ግራው በግራ።

"ነፋስ ነው" አልኩ።

አጎላሁት።

ቁልፎቹ ተቆልፈዋል... እስከ አንገት።

ደወልኩ። "አንተ፣ ሹራቡን ነክተኸዋል እንዴ?"

"አይነካም አላልኩህም?"

"ተቆልፏል እኮ።"

"ነፋስ ይሆናል" አለ።

"ቁልፍ የሚቆልፍ ነፋስ?"

"እዚህ ነፋሱ ኃይለኛ ነው።"

በማግስቱ ሌላ ፎቶ መጣ።

የሜዳ አህዮቹ መጥተዋል። ደስ ሊለኝ ሲል ፈገግታዬ አፌ ላይ ቀረ። አንዳቸውም ውሃ አይጠጡም። ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥተው ወንበሩን ከበውታል፤ አስተማሪ እንደገባባቸው ተማሪዎች ቀጥ ብለው።

ሹራቡም ሞልቷል። ትከሻ አለው። ደረት አለው።

ከአንገቱ በላይ ግን ሰማይ ብቻ...

ሰዎች "ይሄ ፎቶ ተሠርቶ ነው?" እያሉ እኔ ጋ ነው የሚያመጡት። የተነካካ ፎቶ በአንድ እይታ አውቀዋለሁ። ይሄ አልተነካካም።

ሱቄን ዘግቼ ቤት ሄድኩ። ታላቅ እህቴ ከእማዬ ጋር ነበረች። ወደ ጓዳ ጠርቼ አሳየኋት።

ፊቷ ተለወጠ። "ሰርዘው" አለችኝ በሹክሹክታ።

"እማዬን ምን ልበላት?"

"የፈለግከውን በላት። ቦታዋን ነው የያዘባት... ምንም ይሁን ምን፣ የእማዬን ቦታ ነው የያዘው። እሱ እዚያ ከተቀመጠ እሷ የት ልትሆን ነው?"

ከሳሎን ድምፅ መጣ። "የደከመው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ አይደለም። አምጡት።"

ሰጠኋት። ስልኩን አፍንጫዋ ላይ ልትለጥፈው ደረሰች።

"የሜዳ አህዮቹ ታዩሽ?"

"ኧረ ጭጋግ ነው።" ስክሪኑን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው። "ይቺ ሴትዮ ግን ማን ናት?"

እህቴ ክንዴን ጨመደደችው።

"የቷ ሴትዮ፣ እማዬ?"

"ወንበሬ ላይ ያለችው ናታ። ሹራቤን ለብሳ።"

"ምን... ምን ትመስላለች?"

"ፀጉሯ እርጥብ ነው።" ስልኩን ይበልጥ አስጠጋችው። "አሁንም ይንጠባጠባል።"

ስልኩን ተቀብዬ ለጠባቂው ደወልኩ። እሱም በሹክሹክታ ነው ያነሳው።

"ድምፅህን ቀንስ" አለኝ።

"ለምን?"

"ቀንስ ብቻ።"

"ወንበሩን አንሳልኝ። እንለውጠዋለን።"

"ላነሳው ሄጄ ነበር... ይሞቃል።"

"ፀሐይ ላይ የዋለ ፕላስቲክ ነዋ!"

"ወንድሜ፣ እኔ የነካሁት ከሥሩ ነው። ደግሞም አልነሳም አለኝ። ሰው እንደተቀመጠበት ይከብዳል።"

እህቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ፣ "አንመጣም! በቃ! ቀርቷል!" አለችው።

"ማነው የቀረው?" አለች እማዬ።



ተነሳች። ምርኩዟን ይዛ ቆመች። "ስሙኝ ልጆቼ። እኔ ዳይሬክተሩን ከነክራቫቱ ከወንበሩ አስነስቼ ከሥሩ የጠረግኩ ሰው ነኝ። እያጉረመረመ ይነሳ ነበር። ይቺን እፈራለሁ?"

"እማዬ፣ ሰው ላትሆን ትችላለች" አለች እህቴ።

"ሰው ካልሆነች ወንበር ምን ያደርግላታል?"

ምርኩዟን ወለሉ ላይ መታች።

"ጨለማው ወደ እኔ እየመጣ ነው። ቁጭ ብዬ ከምጠብቀው መንገድ ላይ ባገኘው ይሻለኛል። ነገ እንሄዳለን።"

ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩ አወቃችሁ። መኪና ተከራየሁ። እህቴ በማለዳ ቦርሳዋን አንጠልጥላ መጣች። "የሚጮህ ሰው ያስፈልጋችኋል" አለች።

እኩለ ቀን ላይ ደረስን። ጠባቂው ቀጭን፣ ዓይኑ ያበጠ ሰውዬ ነው፤ እንቅልፍ ካጣ የሰነበተ ይመስላል። እማዬን አይቶ ኮፍያውን አወለቀ።

"እናቴ፣ ይቅርብዎ።"

"የት ነው?" አለችው።

በጣቱ አሳያት። ጣቱ እንደማይታያት ሲገባው በቃል ነገራት፦ ቀጥታ፣ የደረቀ ሣር፣ ከዚያ ወንበሩ።

ልከተላት ስል በምርኩዟ ጉልበቴን ገፋችኝ። "ለእኔ ነው የወጣው።"

እኛ ማማው ላይ ወጣን። እማዬ ሣሩን እየረገጠች ሄደች። የሜዳ አህዮቹ ከውሃው ማዶ ቆመው ያዩዋታል። ሹራቡ ተቆልፎ፣ ሞልቶ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

ፊት ለፊቱ ቆመች።

የምትለው አይሰማም። ጣቷን ግን አየሁት፤ ልጅ ሆኜ በጭቃ ጫማ ስገባ የምታወዛውዝብኝ ጣት ነው።

ጠበቀች።

ጣቷ እንደገና ተነሳ።

"አልተነሳችም" አለ ጠባቂው በትንፋሹ።

እማዬ እጇን ዝቅ አድርጋ፣ ታክሲ ውስጥ ሰው እንደሚያስጠጋ ሁሉ፣ ጠጋ በይ አለች።

ሹራቡ... ወደ ጎን ተንሸራተተ።

እማዬ በወንበሩ ጠርዝ፣ በግማሽ መቀመጫዋ ተቀመጠች። ምርኩዟን ጉልበቶቿ መካከል ተከለች።

እህቴ ልትጮህ አፏን ከፍታ ነበር። አልወጣላትም።

የሜዳ አህዮቹ ውሃውን ዞረው መጡ። አንዷ ከሁሉም ቀድማ እስከ እማዬ ፊት ደረሰች። በጣም ቅርብ። እማዬ አንገቷን አሰገገች።

ከዚያ ድምፅዋ መጣ፣ ሜዳውን ሁሉ ሞልቶ፦

"አየሁት! መስመሩን አየሁት! እስከ አፍንጫው ድረስ ነው!"

እህቴ ማልቀስ ጀመረች። እኔም ዓይኔን ጠረግኩ። ጠርጌ ስመለከት የሜዳ አህያዋ አገጯን ወንበሩ ላይ አስደግፋለች፤ በእማዬ በኩል ሳይሆን በሌላው በኩል።

ጋማዋ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይተኛል። ይነሳል። ደግሞ ይተኛል። ከጆሮዋ ወደ አንገቷ፣ ከጆሮዋ ወደ አንገቷ... ሰው ልጁን እንደሚዳብስ። በተነካበት ቦታ ሁሉ ጠጉሯ እየረጠበ ይጠቁራል።

የእማዬ ሁለት እጆች ግን ምርኩዟ ላይ ነበሩ።