ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት

በዚያ የጥበባት ዩኒቨርሲቲ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ይልቅ የምትታመነው እሷ ነበረች። የመድረክ ንድፍ ተማሪ ናት፤ ሦስተኛ ዓመት። የትኛው ትምህርት ከየትኛው እንደሚጋጭ፣ የትኛው መምህር በየትኛው መንፈቅ ዓመት እንደማያስተምር በቃሏ ታውቃለች። ምዝገባ በደረሰ ቁጥር ወረቀቱን ይዞ ደጅ የሚጠናት ብዙ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣላት እንጃ፣ ሁሉም «ሰሌዳ» ይላታል።

ሠዓሊውን ያገኘችውም ፕሮግራም ከተለጠፈበት ግድግዳ ሥር ነው። ቀለም በነካው ጣቱ መስመር እየተከተለ ሰኞን ሰማያዊ፣ ማክሰኞን አረንጓዴ አድርጎታል።

«እህቴ፣ ይሄ ነገር በምን ቋንቋ ነው የተጻፈው?»

«በሰው ቋንቋ ነበር። አንተ አጠፋኸው እንጂ።»

ሳቀ። እሷም፣ እንደ ዋዛ ጥርሷን የማታሳየው ልጅ፣ ሳቀች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርቱን የምታስተዳድርለት እሷ ሆነች። ሰው ከክፍል ሲወጣ ይገባ የነበረው ልጅ ቀድሞ ይገኝ ጀመር። ፍቅሩ መቼ እንደገባ ሁለቱም አያውቁትም።

«ረቡዕ ከሰዓት ባዶ ነው እኮ» አላት አንድ ቀን፣ ያወጣችለትን ወረቀት እያየ።

«ባዶ አይደለም። እሱ የኔ ነው» አለችና አንገቷን ደፋች።

እንዲህ እያሉ እሱ የመጨረሻ ዓመት ላይ ደረሰ። ያን ሰሞን እየሮጠ መጣ። በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ በምትርቅ ከተማ ያረጁ ሥዕሎችን የሚያድስ ወርክሾፕ ሊቀጥረው ቃል ገብቷል።

«ዘንድሮ ተመርቄ ከሄድኩ ቦታው የኔ ነው። ካለፈ ግን አይጠብቁኝም። እናቴ ስትሰማ አለቀሰች።» እናቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ዓይኗ እየደከመ በስፌት ያስተማረችው እሷ ናት።

«እሰየው!» አለችው ሰሌዳ። አፏ ነው ያለው።  እሷ ዘንድሮን ጨምሮ ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል፣ እሱ ሊሄድ ነው። የሄደ ሰው ደግሞ ቀስ በቀስ ደብዳቤው ያጥራል፣ ስልኩ ይሳሳል፤ የታላቅ እህቷን ታሪክ አይታለች።

የዓመቱን ዕቅድ ስታወጣለት የቀረው አንድ ከባድ ግዴታ የሕትመት ወርክሾፕ ነበር። የሚሰጠው በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ብቻ ነው፤ ለእሷም ግዴታ ስለሆነ ዘንድሮ ተመዝግባበታለች። እሷ በሁለተኛው ላይ ጻፈችው። እጇ አልተሳሳተም። አንድ ዓመት ቢጎተት አብረን እንመረቃለን፣ ምን አለበት፣ ብላ ራሷን አባበለች።

«አንቺ ያወጣሽውን ደግሞ ምን አነበዋለሁ!» ብሎ ፈረመ። አማካሪ መምህሩም የእሷን እጅ ጽሑፍ ሲያይ ዝም ብሎ ፈረመ።

ሆድ ካገር ይሰፋል ይባላል፤ የእሷ ግን ያቺን አንድ ነገር መያዝ አቃተው። እንቅልፍ አጣች። አብራት የምትኖረው የሴራሚክስ ተማሪ ጨንቋት ብትጠይቃት ነገረቻት።

«አንቺ ልጅ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለቻት ጓደኛዋ። «ከሌላ ሰው ከሚሰማው ካንቺ ይስማው። ምዝገባ የሚዘጋው ዓርብ ነው።»

ሐሙስ ዕለት ሠዓሊው ደስ ብሎት መጣ። «እናቴ የምረቃ ሱፌን መስፋት ጀመረች! የትከሻህን ልክ ላክልኝ አለችኝ። ነይ፣ ለኪኝ።»

ሜትሩን ያዘች። ከትከሻ ትከሻ ለክታ ቁጥሩን ጻፈችለት። በማግስቱ ጠዋት የሚሥልበት ክፍል ድረስ ሄደች።

«እስክጨርስ እንዳታቋርጠኝ» አለችና ነገረችው።

 ሠዓሊው እንደ ማባበል አደረገው። «ተሳስተሽ ነው። ሰው አይደለሽ? ትሳሳቻለሽ።»

አዎ ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃላት ነበር።

«አልተሳሳትኩም። አውቄ ነው።»

ብሩሹን አስቀመጠ። «ለምን?»

«እንዳትሄድብኝ።»

«አትሂድ ብትይኝ እኮ እንነጋገር ነበር!»

«እሄዳለሁ ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ።»

 ወረቀቱን አንስቶ ወደ ሬጅስትራር ሮጠ፤ እሷም ተከተለችው። በመስኮቱ ውስጥ ያሉት ሴትዮ መዝገቡን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሞልቷል ልጄ። ማተሚያው ሁለት፣ ተማሪው አሥራ ሁለት። አንድ ሰው አልጨምርም።»

የሠዓሊው ፊት አመድ መሰለ። ሰሌዳ ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

«አሥራ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። እኔን ያውጡኝና እሱን ያስገቡት።»

«ይሄን ዘንድሮ ካልወሰድሽ የመጨረሻው ዓመት ሥራ አይፈቀድልሽም። ድፍን ዓመት ትዘገያለሽ እኮ፣ ሰሌዳ!»

«አውቃለሁ እትዬ። የት እንደምፈርም ያሳዩኝ።»

ፈረመች። ሠዓሊው አላመሰገናትም፣ አልተሳደበምም። «ከእንግዲህ ወረቀቴን ራሴ እጽፋለሁ» ብቻ ብሎ ሄደ። እሷ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ወራት አለፉ። መጀመሪያ ሰላምታ ብቻ ነበር። ኋላ አንዳንድ ቀን ከበር እስከ በር አብሯት መራመድ ጀመረ፤ እጁ ላይ የሕትመት ቀለም ጠቁሮ። ስለ ሥራው ያወራታል፣ ትሰማዋለች። ስለዚያ ጉዳይ ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አይሉም። እሱ ተመረቀ። እሷ ከኋላ ቆማ አጨበጨበች።

በሳምንቱ አውቶቡስ ተራ እንድትመጣ ላከባት። ሻንጣው ተጭኗል፣ ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቷል።

«ይቅር አላልከኝም አይደል?» አለችው።

«ብዬሻለሁ። ከልቤ።» ዓይኗን ሸሸ፣ መልሶ አያት። «እወድሻለሁም። ማመኑ ነው እምቢ ያለኝ። እየሞከርኩ ነው።»

 እውነቱን ስለነገራት ወደደችው፤ ከቀድሞው ይልቅ ወደደችው። እጁን አጥብቃ ይዛለች። ረዳቱ «ተሳፋሪ!» እያለ ይጮኻል። መቼ እንደሚመለስ ልትጠይቀው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፣ ቀኑን ከነሰዓቱ።

ዋጠችው።

«በሰላም ግባ» አለችና እጁን ለቀቀችው።