የሻገተው ሌንስ

ውሸት ነው የሚል ሰው ካለ አልቀየመውም። እኔም በሌላ ሰው ላይ ደርሶ ብሰማ ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር።

ግን ደርሷል። በእኔ ላይ።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግታለች። እህቴ በሚቀጥለው ክፍል የስፌት መኪናዋን ታንኳኳለች...

እንደዚያ ባለ ሰዓት ሰው ምን ይፈራል?

እኔም አልፈራሁም ነበር።

ሥራዬ ፀጉር ማስተካከል ነው። ሱሴ ግን የካሜራ ሌንስ ነው። የተሰበረ፣ የዛገ፣ ሰው የጣለው አሮጌ ሌንስ ካየሁ እጄን ይበላኛል። ቀለበቱን ፈትቼ፣ መስታወቶቹን አንድ በአንድ አውጥቼ፣ በአልኮልና በጥጥ ወልውዬ መልሼ ስገጥመው... ያ ደብዛዛ ነገር ዓለምን ጥርት አድርጎ ሲያሳየኝ ደስታዬን ለሰው ማስረዳት አልችልም። መደርደሪያዬ በሌንስ ተሞልቷል።

እህቴ ትስቅብኛለች።

«አንተ ልጅ፣ ሰው ሚስት ያገባል፤ አንተ ጠርሙስ ትሰበስባለህ!»

ታላቄ ናት። እናታችን ስትሞት ገና ልጅ ነበርኩ፤ ልብስ እየሰፋች ያሳደገችኝ እሷ ናት። የበላሁት ሁሉ ከዚያች መኪና መርፌ ሥር የወጣ ነው። እትዬ እላታለሁ። ከእሷ በቀር ሰው የለኝም።

ሌንሱን የሰጡኝ አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፎቶ ሲያነሡ የኖሩ ሰው ናቸውና ሰፈሩ ሁሉ «ፎቶ አንሺው» ይላቸዋል።

የዚያን ቀን ጺማቸውን ስላጫቸው መስታወቱን አላዩም። እጄን ነበር የሚያዩት።

«እጅህ አይንቀጠቀጥም» አሉ።

«ቢንቀጠቀጥማ የስንቱ ጆሮ ወድቆ ነበር፣ ጋሼ!»

እሳቸው አልሳቁም።

«አብሮህ የሚኖር ሰው አለ?»

«እህቴ አለች።»

«ትወዳታለህ?»

የሚገርም ጥያቄ ነው። «እንዴ! እናቴ ማለት እኮ ናት» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከኮታቸው ኪስ በካልሲ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ዘረጉልኝ። የእሳቸው እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ወደህ ነው የምትቀበለኝ?»

ካልሲውን ገለጥ አደረግሁት። ሌንስ ነው። ከባድ፣ ጥቁር፣ የነሐስ ቀለበት ያለው። እንዲህ ያለውን በሕልሜም አይቼ አላውቅም።

«ወድጄ ነው እንጂ!»

ፎጣውን ከአንገታቸው አንሥተው ወጡ። ግማሽ ጺማቸው እንኳ አልተላጨም ነበር...

ቤት ወስጄ ወደ ብርሃን አድርጌ ሳየው ውስጡ ሻግቷል። አሮጌ ሌንስ ይሻግታል፤ አዲስ ነገር አይደለም። እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ ነገር ያወጣል። የዚህኛው ግን ሥር ነበረው። ከመሐል ተነሥቶ ወደ ዳር የሚሮጥ፣ እየሄደ የሚከፋፈል ሥር።

ያ ዘጠኝ ሰዓት ያልኳችሁ ያኔ ነው። ሌንሱን ከፈትኩት። ጥጡን አልኮል ነክሬ አንድ ጊዜ ስወለውለው...

የስፌት መኪናው ቆመ።

«አንተ ልጅ፣ መብራት አበራህ እንዴ?»

«አላበራሁም። ምነው?»

«እኔ እንጃ... ሁሉ ነገር ቦግ አለልኝ።»

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። መኪናው መንኳኳቱን ቀጠለ።

በሳምንቱ ሌንሱን አንሥቼ ሳየው ሻጋታው ተመልሷል። በዚያው ቦታ። በዚያው ቅርጽ። ትንሽ ወፈር ብሎ።

የዚያን ዕለት እህቴ መርፌ ላይ ክር እንዳስገባላት ጠራችኝ። እሷ! ዓይኗን ጨፍና ክር የምታስገባ ሴት!

«ጭጋግ ነገር ይታየኛል» አለች፤ ዓይኗን እያሸች።

ሁለቱን ነገር አላገናኘኋቸውም። ማን ያገናኛል?

ሌንሱን ወለወልኩት፤ ጭጋጉ ለቀቃት። ደግሞ ሻገተ፤ ደግሞ ጨለመባት። አንድ ቀን የሰፋችውን ቀሚስ ሳየው ስፌቱ ከጨርቁ ወጥቶ ባዶውን ሄዷል። አላወቀችም። በእጇ እያለሰለሰች «እንዴት ነው፣ አማረ?» አለችኝ።

«አማረ፣ እትዬ» አልኳት።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። የዓይን ሐኪሟ በመሣሪያው ስታያት ብዙ ቆየች። ከዚያ የዓይኗን ውስጥ ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ አሳየችኝ።

«የዓይን ሞራ አይደለም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እውነቱን ልንገርህ... እንዲህ ዓይነት ነገር አይቼ አላውቅም።»

እኔ ግን አይቼዋለሁ።

ከመሐል ተነሥቶ ወደ ዳር የሚሮጥ ነጭ ሥር...

የእህቴን እጅ ይዤ ወጣሁ።

ያኔም ቢሆን ማመን አልፈለግሁም። ቤት እንደገባን ሌንሱን ከፈትኩት። የውስጠኛውን ቀለበት ስፈታ እጄን አልቦት ነበርና ካቻቢቴው አምልጦኝ መስታወቱን ጫር አደረገው። ፀጉር የምታህል መስመር ናት።

እህቴ ጮኸች።

ሮጬ ስደርስ መሬት ላይ ተቀምጣ ቀኝ ዓይኗን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ቧጠጠኝ!... የሆነ ነገር ቧጠጠኝ!»

«ምኑ? የት?»

«ከውስጥ... ከውስጥ በኩል!»

ከዚያ በኋላ ማመን አለማመን የሚባል ነገር ቀረ።

ልጥለው አልችልም። ልሰብረው አልችልም። ፀሐይ ሻጋታ ይገድላል ብዬ መስኮት ላይ ባስቀምጠው «ዓይኔ ነደደ!» ብላ ስትጮህ በሩጫ አነሣሁት። ጨለማ መሳቢያ ውስጥ ብከተው «መሸ እንዴ?» አለችኝ። ገና ረፋድ ነበር።

ፀጉር ቤቱን ዘጋሁ። ኑሮዬ ጥጥና አልኮል ሆነ። ጠዋት ወልውዬው ምሳ ሳይደርስ ይሻግታል። ከዚያም ባሰ። ወልውዬ ዘወር ስል ይበቅላል። አንድ ጊዜ ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅሁት...

እያየሁት ሄደ። ቀስ ብሎ። እንደ ትል።

«የት ነህ?» ትለኛለች፤ አጠገቧ ተቀምጬ።

«እዚሁ ነኝ፣ እትዬ።»

«ድምፅህ ደከመ። በልተሃል?»

እሷ እየታወረች የምትጨነቀው ለእኔ ሆድ ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ፤ እንዳትሰማኝ እጅጌዬን ነክሼ።

አንድ ቀን ከሰዓት ጥጡን ሳነሣ አልኮሉ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ጠርሙሱን ማን ገፋው ብዬ አየሁ።

እጄ ነው። ይንቀጠቀጣል።

የዚያን ጊዜ ፎቶ አንሺው ትዝ አሉኝ።

ቤታቸውን አፈላልጌ ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ በጠራራ ፀሐይ ቆመዋል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እሳቸው ግን ጀርባቸውን ሰጥተውታል። ጺማቸው አድጎ ደረታቸው ሊደርስ ነው።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት... ይውሰዱልኝ!»

«ቀስ በል» አሉ በሹክሹክታ። «ትሰማለች።»

«ማን?»

በትከሻቸው በላይ ወደ ውስጥ አየሁ። መስኮቶቹ በሙሉ በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል። በዚያ ጨለማ ውስጥ አንዲት አሮጊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሩዝ ይለቅማሉ። ጠጠሯን ነቀስ... ጣል። ነቀስ... ጣል። አንዴም አይስቱም።

«ባለቤትዎ ናቸው?»

ወደ ውስጥ አልዞሩም።

«ያያሉ እንዴ?»

«ታያለች። ላንተ የሰጠሁህ ዕለት ነው የበራላት።» እንባቸው ጺማቸው ውስጥ ገባ። «ወጣት ሆኜ ጀመርኩ፤ ስወለውልላት አረጀሁ። እጄ ከዳኝ። ምን ላድርግ፣ ልጄ?»

«እኔስ ምን ላድርግ?»

«ወዶ ለሚቀበል ስጥ። በግድ አይሆንም። አታታልል፤ አትደብቅበት። ብቻ ወዶ ይቀበል።»

«የሌላ ሰው እህት ትታወር?»

ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መለሱ።

«ጋሼ... ለምንድን ነው ፀሐይ ላይ የቆሙት? ለምን አይገቡም?»

«አልገባም» አሉ።

ያችን ብቻ።

መንገዱን በሙሉ ሳስብ ሄድኩ። ለማን ልስጥ? ሁሉም ሰው አለው። አንዱ እናት አለው፤ አንዱ ልጅ አለው። ፊታቸው እየመጣብኝ መራመድ አቃተኝ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ።

ድንገት አንድ ሰው ታወሰኝ።

ከፀጉር ቤቴ ማዶ መጋዘን አለ። የመጋዘኑ ዘበኛ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ወንድም የለው። «ከጥላዬ በቀር ዘመድ የለኝም፤ እሱም ደመና ሲሆን ይከዳኛል» እያለ ሲያስቀን የኖረ ሰው ነው።

ማንም የሌለው ሰው... ማን ይታወርበታል?

ሒሳቤ ይሄ ነበር። አሁንም ቢሆን ክፉ አስቤ አልነበረም።

«ለእኔ?» አለ ዘበኛው። «የምርህን ነው?» ወደ ፀሐይ አንሥቶ አገላበጠው። «ሰው እኮ ዕቃ ሰጥቶኝ አያውቅም።»

«ይሻግታል። መወልወል አለብህ።»

«እወለውለዋለኋ! ምን ሥራ አለኝ?»

«ወደህ ነው የምትቀበለኝ?» ድምፄን ራሴ አላወቅሁትም።

«ምን ማለትህ ነው! ወድጄ ነው እንጂ!»

ቤት ስደርስ እህቴ በር ላይ ቆማለች። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ልክ ዓይኔ ላይ። ጥርት ያለ፣ ንጹሕ ዓይን።

«መጣህ» አለች።

እግሯ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ራሴን እንኳ አልዳበሰችኝም።

ድንጋጤ ነው አልኩ። የበሽታ ድካም ነው አልኩ። ቀናት ሄዱ። መጋረጃውን ዘግታ መስፋት ጀመረች። ክፍሉ ድቅድቅ ሲል እንኳ መኪናው አይቆምም። ስፌቷ መስመር አይስትም። እንድትስቅ ብዬ አንድ ቀን «እትዬ፣ ጠርሙሶቼን ልጥላቸው?» አልኳት።

«እንደ ፈለግህ» አለች።

አየችኝ። ብዙ ቆየች። ዓይኗ አልተርገበገበም...

ፀጉር ቤቱን ስከፍት ያ ዘበኛ ብቅ አላለም። ሲቀልድ ድምፁ እኔ ድረስ የሚሰማ ሰው ዝም ጭጭ አለ። ልቤ አላርፍ ሲለኝ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ እህቴን ቤት ስፌቷ ላይ ትቻት፣ ወደ መጋዘኑ ተሻገርኩ።

የዘበኛ ቤቷ ከአጥሩ ጋር የተለጠፈች የቆርቆሮ ክፍል ናት። በሯ ገርበብ ብሏል። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሌንሱን በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል። ከስቶ አጥንቱ ወጥቷል። ፊቱ ላይ ግን ደስታ አለ። እንዲህ ያለ ደስታ አይቼበት አላውቅም።

«ሰው መጣልኝ እኮ» አለኝ በሹክሹክታ።

«ምን... ምን ዓይነት ሰው?»

«እኔ እንጃ። ይሄን የሰጠኸኝ ዕለት ገባ ስል ተቀምጣ አገኘኋት። ዓይኗ አያይም፤ ምስኪን። የት እንዳለችም አታውቅም። ስወለውልላት ግን ትንሽ ትንሽ ይታያታል።»

ከውስጥ አልጋ ሲጢጥ አለ።

«ማነው?... ማነው የመጣው?»

ክው ብዬ ቀረሁ።

ያ ድምፅ ነው ያሳደገኝ። ከሺህ ድምፅ መሐል አውቀዋለሁ።

«ወንድሜ ነው?... ወንድሜን አምጡልኝ... ለምን ሰው ቤት ጥሎኝ ሄደ?»

በበሩ ስንጥቅ አንድ እጅ ወጣ። መቃኑን ዳሰሰ። ወደ እኔ ዞሮ አየሩን ይፈልግ ጀመር...

ልይዘው እጄን ዘረጋሁ።

የዚያን ጊዜ ዘበኛው መወልወሉን አቆመ። በእኔ ትከሻ በላይ ወደ መንገዱ ያያል።

«ያቺስ?» አለኝ። «ያቺ እሷን የምትመስለው ደግሞ ማናት?»

ዞርኩ።

ከመንገዱ ማዶ፣ በፀጉር ቤቴ ደጃፍ፣ ስፌቷ ላይ ትቻት የወጣኋት እህቴ ቆማለች። ሰው በፊቷ ይተላለፋል፤ እሷ ንቅንቅ አትልም።

የምታየው እኔን ብቻ ነው።

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋለች።