የድንቡሼ ግራ አፍንጫ

«እጥስ!»

ድንቡሼ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ቅርጫቷ ውስጥ ብድግ ብላ ጭንቅላቷን አራገፈች። ደግሞ አስነጠሳት። ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ።

«ይማርሽ፣ ይማርሽ፣ ይማርሽ!» አለች የሚጡ አክስት ልጅ፣ መቀሷን ሳታቆም። «አንቺ ድመት፣ ምርቃቴን ጨረስሽው እኮ!»

እናት ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ከልቧ ሳቀች። ሚጡ ደብተሯን እንዳቀፈች በር ላይ ቆማ ነበር። እናቷ በእሷ ቀልድ እንዲህ የሳቀችው መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች። አልመጣላትም።

የአክስቷ ልጅ ስፌት ልትማር ከመጣች ወዲህ ቤቱ ተገለባብጧል። ሚጡ የቤት ሥራዋን ትሠራበት የነበረው መስኮት ስር ሁለተኛ የስፌት መኪና ተተከለ። እናቷ «ሚጡ፣ ክር አቀብዪኝ» ማለቱን ትታ እንግዳዋን «ባለሙያዬ፣ እስቲ ይሄን እዪልኝ» ማለት ጀመረች። ሚጡ ይህን ሁሉ ጥርሷን ነክሳ ችላው ነበር። በጡጦ ያሳደገቻት ድንቡሼ ግን ከእሷ ብርድ ልብስ ወጥታ ባለሙያዋ እግር ስር መተኛት ስትጀምር፣ መቻል አቃታት።

ድመቷን ለማስመለስ ያላደረገችው የለም። ከራሷ ሳህን ዓሣ እየቆረሰች አጎረሰቻት። ድመት ለጋ ሣር ትወዳለች ሲባል ሰምታ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ገብስ ዘራችና መኝታ ክፍሏ መስኮት ላይ አበቀለች። ድንቡሼ ትመጣለች፣ ሣሯን ትግጣለች፣ ጢሟን ትልሳለች፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ባለሙያዋ። ልክ በልቶ እንደሚወጣ የምግብ ቤት ደንበኛ።

«እጥስ!»

«እማ፣» አለች ሚጡ፣ «ድመቷን እያሳመመቻት እኮ ነው።»

«ማን ናት የምታሳምማት?»

«እሷ ናታ! ከፈዩን ስትቆርጥ ብናኙን አታዪውም? ቤቱን ሞላው።»

የአዳራሽ መጋረጃ ታዘው ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ቀይ ከፈይ ተቆልሏል። በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ቀይ ብናኝ እውነትም ይንሳፈፋል።

«ስንት ዘመን ጨርቅ ስቆርጥ ኖሬ ድመቷ መች አስነጠሳት?» አለች እናት።

ሚጡ ስልኳን አወጣች። «ስሚ በናትሽ። ‹ድመት አፍንጫዋን አቧራ፣ ጭስ፣ ሽቶ ወይም የጨርቅ ብናኝ ሲኮረኩራት ታስነጥሳለች።› ይኸው!»

ከስሩ ሌላ መስመር ነበረ። ማስነጠሱ ቀናት ከዘለቀ፣ በተለይ ፈሳሹ ከአንዱ አፍንጫ ብቻ ከሆነ፣ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ሚጡ አየችው። ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

ክርክር ጠብቃ ነበር። የአክስት ልጅ ግን መቀሱን አስቀመጠች። «እውነቷን ሊሆን ይችላል፣ አክስቴ። እኔ ጓዳ ገብቼ ልሥራ።»

ጓዳው ባልዲና ያረጀ ፍራሽ የሚቀመጥበት፣ ቀንም አምፖል የሚበራበት ክፍል ነው። የስፌት መኪናዋን እዚያ አስገቡላት። ሚጡ መስኮቷን አገኘች፤ ደብተሯን ዘርግታ ተቀመጠች። እናቷ ግን በየደቂቃው «እስቲ የባለሙያዬን ልየው» እያለች ወደ ጓዳ ትመላለስ ጀመር። ከግድግዳው ወዲያ ሳቅ ይሰማል። ወዲህ ሚጡና ሒሳቧ ብቻ።

ድንቡሼን ሚጡ ክፍሏ ዘጋችባት። ከፈይ የለም፣ ብናኝ የለም። ማስነጠሱ ግን አልቆመም። ከግራ አፍንጫዋ ወፍራም ቢጫ ነገር ይወጣል፤ ቀኙ ደረቅ ነው። በመዳፏ ፊቷን ትፍቃለች። ሚጡ እናቷ ከማየቷ በፊት በሶፍት ትጠርግላታለች። እናቷ ካየች ሐኪም ይመጣል፣ ከዚያ ከፈዩ አለመሆኑ ይታወቃል፣ ከዚያ የስፌት መኪናዋ ወደ መስኮቱ ትመለሳለች። «ነገ ይሻልሻል» ትላታለች እየጠረገች። በማግስቱም እንዲሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ድንቡሼ ዓሣውን አሸተተች። እንደገና ጠጋ ብላ አሸተተች። ፊቷን አዞረች። ሶፍቱ ላይ ከቢጫው ጋር ቀጭን የደም መስመር ነበረ።

እናት ልብስ ልታስለካ ወጥታለች። ሚጡ ሶፍቱን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ካልሲዋን እንኳ ሳታደርግ ጫማዋን አጠለቀችና ድመቷን ቅርጫት ውስጥ ልትከታት ታገለች። ድንቡሼ አራት እግሯን ዘርግታ እምቢ አለች።

«በፎጣ ጠቅልያት» አለ ድምፅ ከኋላዋ። የአክስት ልጅ የጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ ፀጉሯ ላይ ቀይ ብናኝ አለ። «ግራ አፍንጫዋ ነው አይደል?»

«ታውቂ ነበር?»

«ትናንት ክፍልሽ ክፍት ሆኖ ሳልፍ አየሁት። ልናገር ብዬ… ድመቷ ያንቺ ናት፤ ጣልቃ ገባች እንዳትዪኝ ፈራሁ።»

ሚጡ ፎጣ አመጣች። ጠቅልለው አብረው ወጡ።

የእንስሳት ክሊኒኩ ከመኖ መሸጫው ጀርባ ነው። ዶክተሯ እጅጌዋን የሰበሰበች፣ ፈጠን ፈጠን የምትል ሴት ናት። የድንቡሼን አፍንጫ በባትሪ አየች፤ ጥጥ ተራ በተራ ደቅና ትንፋሹ ከየትኛው እንደሚወጣ አየች።

«ከጀመራት ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ሳምንት አልፏታል» አለች ሚጡ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ሳምንት! ምን ስትጠብቁ ነበር?»

«ዕቃ ስናዛውር ነበር፣ ዶክተር» አለች የአክስት ልጅ። ሚጡ ቀና ብላ አየቻት። ሙድ እየያዘችባት ነው ወይስ እየሸፈነችላት? ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር የለም።

«የከፈይ ብናኝ ይሆን?» አለች ሚጡ። እንዲሆንላት አሁንም ትመኝ ነበር።

«ብናኝ አፍንጫ አይመርጥም፣ የኔ ቆንጆ። ድመት አልፎ አልፎ ብታስነጥስ እንደኛው ናት፤ አቧራ ወይ ሽቶ ኮርኩሯት ያልፍላታል። ሁለቱም አፍንጫዋና ዓይኗ ከፈሰሰ ብዙ ጊዜ ጉንፋን ነው። በአንድ በኩል ብቻ ሲሆን ግን እዚያ የተሰነቀረ ነገር አለ ብዬ እጠረጥራለሁ። ደም ካያችሁ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ወይ ምግብ ካቆመች ደግሞ ነገ የሚባል ነገር የለም። ድመት ያላሸተተችውን አትበላም።» ከዚያ ጠየቀች፣ «ሣር ትበላለች?»

የሚጡ ጆሮዎች ጋሉ። «አዎ። እኔ… ዘርቼላታለሁ።»

ማደንዘዣ ወግተዋት ልጆቹን ውጭ አስጠበቋቸው። በሩ ሲከፈት ዶክተሯ በወረንጦ ጫፍ አንድ ነገር አንጠልጥላለች፤ ጣት የሚያህል አረንጓዴ የገብስ ቅጠል። «ከላንቃዋ በላይ ገብቶ ተሰንቅሮ ነበር። ስትውጥ ወደ ላይ ወጥቶባት ነው። ቁስሉ እስኪድን ትንሽ ታስነጥሳለች፤ አትደንግጡ።»

ሚጡ ቅጠሉን በሶፍት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

ቤት ሲደርሱ እናት አልተመለሰችም። የአክስት ልጅ ፎጣውን እያጠፈች፣ «ለአክስቴ ምን እንደነበረ መንገር የለብሽም» አለች። «ዳነች እንላለን፣ በቃ። እኔም ጓዳውን ለምጄዋለሁ።»

«አቦ ተዪኝ! ለምንድን ነው እንዲህ ጥሩ የምትሆኚብኝ? ያናድዳል እኮ!»

«እኔም እቀናብሻለሁ» አለች የአክስት ልጅ ፎጣውን እያየች። «እናትሽ ስትቆጣሽ እንኳ እቀናለሁ። የኔዋ የምትቆጣኝ በስልክ ነው፤ እሱንም ኔትወርክ ሲኖር።»

ሁለቱም ሳይፈልጉ ሳቁ።

ሚጡ ኪሷን ዳሰሰች። ሶፍቱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ መጣል ይቻላል። አወጣችውና ቅጠሉን እናቷ ጠረጴዛ ላይ፣ ከመለኪያ ሜትሩ አጠገብ ዘርግታ አስቀመጠችው። ከዚያ ጓዳ ገባች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«በዚያ በኩል ያዢልኝ። ከባዱን እኔ እይዛለሁ።»

የስፌት መኪናዋን እየጎተቱ፣ እያረፉ፣ የበሩን ጠርዝ እየፋቁ አወጧት። መስኮቱ ጋ ሊደርሱ ሲሉ የውጭው በር ተከፈተ።

«ምን እየሆናችሁ ነው?» አለች እናት፤ ከዚያ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። «ይሄ ቅጠል ምንድን ነው?»

«ከድንቡሼ አፍንጫ የወጣ ነው። ከፈዩ አልነበረም፣ እማ፤ የእኔ ሣር ነው። ከፈዩ እንዳልሆነ አውቄም ደብቄሻለሁ… ቆይ፣ መጀመሪያ እናስቀምጣት፣ እጄ ሊበጠስ ነው!»

አስቀመጧት። እናት ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆማ ሚጡን ብዙ አየቻት። ወንበር ሳበችና ተቀመጠች፤ ገና ብዙ የምትጠይቀው እንዳለ ያስታውቃል።

ድንቡሼ ማደንዘዣው እያንገዳገዳት ከቅርጫቷ ወጣች። ሚጡን አየች። ልትጠራት ሚጡ አፏን ከፈተች፤ ተወችው። ድመቷ አልፋት ሄዳ የባለሙያዋ እግር ላይ ተጠቀለለች።

«እጥስ!»

የአክስት ልጅ ምርቃቷን ያዝ አደረገች። ሚጡን እያየች ጠበቀች።

«ይማርሽ» አለች ሚጡ።