የዘይቱ ሌባ

መካኒኩ ሃድጉ የሞተው ከጭነት መኪና ሥር ነው። ኢንስፔክተር ሸዋዬ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ካለው ጋራዥ ስትደርስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አስከሬኑን አውጥተው ሸራ አልብሰውታል። መኪናውን አንስቶ የነበረው ክሪክ ከጎኑ ዝቅ ብሎ ቆሟል።

«አደጋ ነው» አላት የጋራዡ ባለቤት አቶ አምኃ። የካዛንቺሱ ጋራዥ ሲፈርስበት ወደዚህ የተዛወረ፣ ሃድጉን ለአሥራ አንድ ዓመት ያሠራ ሰው ነው። የለበሰው ቱታ እጥፋቱ እንኳ አልጠፋም። «ዘይት ሊቀይር ከሥር ገባ። እኔ ምሳ ላይ ነበርኩ። ስመለስ ... በቃ።»

«አደጋ ከሆነ ይሄ ሰው ለምን ታሰረ?»

በሩ አጠገብ ሁለት ፖሊሶች አንድ ወጣት ይዘው ቆመዋል።

«ፊሮምሳ ይባላል፤ የዚህ መኪና ሾፌር ነበር። የሞተር ዘይት እየቀዳ ይሸጣል ተብሎ ተከሷል። ችሎቱ ነገ ነው። ሃድጉ ‹ሞተሩ ጤነኛ ነው› ስላለ ልጁ ጠምዶት ነበር። ክሪኩን እሱ ነካክቶት እንደሆነ ማን ያውቃል?»

ሸዋዬን ነገሩ አናደዳት። አባቷ ሠላሳ ዓመት መኪና ነድቶ፣ የጎደለ ነገር ሁሉ በሾፌር ሲላከክ እያየች ነው ያደገችው። ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ ሸራውን ገለጠች።

የሟቹ ጣቶች ጠቁረዋል። ዘይት ግን አይደለም። ጥፍሮቹ ሥር የገባው ደረቅ ጥቀርሻ ስትነካው ተፈረፈረ። ጎንበስ ብላ የመኪናውን ሆድ አየች። የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን አቧራ እንደጠጣ ነው፤ ከሥሩ የተቀመጠ ዕቃም የለም።

«ዛሬ ሞተሩ ተከፍቶ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም። ከሁለት ወር በፊት አጥበን ከገጠምነው ወዲህ ማንም አልነካውም።»

ወደ ፊሮምሳ ሄደች። ዓይኑ ቀልቷል።

«ጋሽ ሃድጉ ነው የጠራኝ» አለ። «‹ሞተሩን ከፍቼዋለሁ፣ ነገ ለዳኛው እናገራለሁ፣ መጥተህ በዓይንህ እይ› አለኝ። ስደርስ ሞቷል። እሱን ገድዬ ማን ሊመሰክርልኝ ነው?»

የመኪናው ባለቤት ወይዘሮ ሰገን ባምቢስ ሰፈር ካለው ሱቋ ተጠርታ እየተቆጣች መጣች። «ሞተሩ ታጥቦም ዘይቱ መጉደሉን ካልተወ፣ ሰው ካልወሰደው የት ይሄዳል?»

«መታጠቡን ማን ነገረዎት?»

«አቶ አምኃ። ፈርሞ ነው የሰጠኝ።»

ሸዋዬ ለአንዱ ፖሊስ በጆሮው የሆነ ነገር ነግራ ላከችው። ከዚያ ሦስቱንም መኪናው ዙሪያ ሰበሰበችና ቺያቬ አንስታ የአየር ማስገቢያውን ቡሎኖች ራሷ ትፈታ ጀመር።

«ሁለት ወር የቆየ ቡሎን አቧራ ይይዛል። እነዚህ ጫፋቸው ያብረቀርቃል።» ክፍሉን አንስታ ባትሪ አበራች። «ቀረብ ብላችሁ እዩ።»

የሁለቱ ሲሊንደሮች ቫልቮች ተፍቀው ብረታቸው ነጥቷል። የቀሩት ሁለቱ በወፍራም ጥቁር ቅርፊት ተደፍነው፣ አየር ማለፊያ እንኳ የቀራቸው አይመስልም።

«ይሄ ሞተር ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው የሚረጨው። ስለዚህ እነዚህን ቫልቮች ነዳጅ አያጥባቸውም። ከሞተሩ የሚተነው ዘይት ከአየሩ ጋር ተመልሶ ሲገባ እዚህ ላይ ይጋገራል፤ የተረፈው ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል። ወይዘሮ ሰገን፣ ዘይትዎን የሚጠጣው ሞተሩ ነው። ይህ ቅርፊት ደግሞ የሁለት ወር አይደለም፤ የዓመታት ነው። ማንም አጥቦት አያውቅም።»

ሰገን ዓይኗን ከአምኃ ላይ አልነቀለችም።

«ሃድጉ ሁለቱን ፍቆ ሦስተኛውን ሳይጀምር ሞተ። የሞተ ሰው ቡሎን አያጠብቅም። ታዲያ ማን ዘጋው? ፊሮምሳ ገድሎት ቢሆን ክፍቱን ይተወው ነበር፤ ከእስር የሚያድነው ይሄ ጥቀርሻ ነው። ወይዘሮ ሰገን ከጠዋት ጀምሮ ከሱቃቸው አልወጡም፤ ሠራተኞቻቸውን በስልክ አስጠይቄያለሁ። ክሪኩም አልተሰበረም። ማውረጃው ተፈትቷል፤ ከሥር የተኛ ሰው እጁ እዚያ አይደርስም።»

የላከችው ፖሊስ ከውሃ በርሜሉ ኋላ የተጠቀለለ ቱታ ይዞ መጣ። እጅጌው በዚያው ደረቅ ጥቀርሻ ጠቁሯል።

እስካሁን አንቱ ስትለው የነበረውን ሰው ሸዋዬ ዞር ብላ አየችው።

«የለበስኸው ቱታ እጥፋቱ አልጠፋም፤ ሞተሩን ዘግተህ ያወለቅኸው ይሄን ነው። ሃድጉን ከሥር ዘይት ይንጠባጠባል፣ እየው ብለህ ላክኸው። አሥራ አንድ ዓመት የሠራልህ ሰው እጁን እንኳ ሳይታጠብ ታዘዘህ። አንተ ክሪኩን ፈታህበት።»

«ያበላሁት እኔ ነኝ!» አምኃ ጮኸ። «ፊርማዬን ፍርድ ቤት ሊያዋርድ! ዝም በል ብዬ ለምኜዋለሁ።»

«ሌባ የተባለው ልጅ ይታሰር ብለህ ነው የለመንኸው» አለችና ወደ ፖሊሶቹ ዞረች። «ውሰዱልኝ።»

ሰገን አንገቷን ደፍታ ወደ ፊሮምሳ ቀረበች። «ክሱን አነሳለሁ። መኪናው ሲጠገን ተመለስ።»

«ክሱን ያንሱ። መኪናዎን ግን አልነዳም።» ከዚያ ወደ ሸዋዬ ዞረ። «ለጋሽ ሃድጉ ሚስት ተነግሯታል?»

ማንም አልነገራትም። ሁለቱ አብረው ወደ ላንቻ ሰፈር ወረዱ። እጸገነት ከትንሿ ሱቋ ደጃፍ ላይ ሽንኩርት ስትለቅም ፊሮምሳን አየችና ፊቷ በራ።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ወንድሜ። ሃድጉ ጠዋት ነግሮኛል፤ ነገ ነፃ ትወጣለህ።»

ፊሮምሳ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ሸዋዬ በርጩማ ሳበችና የሴትዮዋን እጅ ያዘች።

«እህቴ፣ እስቲ ቁጭ በይ» አለቻት።