በጠመኔው ላይ የተቀባ ቀለም

ሰውዬው የሞተው ከነሥራው ነው። ባለአራት ጎማ ሞተር በገዛ እጁ ገጣጥሞ፣ ገና በመጀመሪያው ጉዞ፣ ቁልቁለቱ ወገብ ላይ ሲደርስ ሻንሲው፣ የብረት አጽሙ፣ ለሁለት ተከፈለና ተገልብጦ ተጫነው። መርማሪዋ ከአንድ ፖሊስ ጋር ስትደርስ አስከሬኑ ተነስቷል። ስብርባሪውን ግን ጎትተው ወደ ብየዳ ቤቱ ግቢ አስገብተውታል፤ ምን ዋጋ አለው፣ ቀይ ቀለሙ አሁንም ያብለጨልጫል።

ገዳይ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ እሱም በያጅ ነው፣ በር ላይ ጠብቆ ሁለት እጁን ዘረጋላቸው።

«እኔ ነኝ። መጋጠሚያው እንዳልተበየደ እያወቅኩ ዝም አልኩ። ጻፉት!»

ፖሊሱ ካቴናውን ጠቅ አደረገበት። መርማሪዋ ግን ሳይጠየቅ የሚናዘዝ ሰው አይዋጥላትም።

«እስኪ ቁጭ በል ወንድሜ፣ ምን አስቸኮለህ? ተጣልታችሁ ነበር?»

«በሞተሩ ነዋ! ሻንሲውን የሠራነው ለትንሽ ሞተር ነበር። እሱ ሄዶ ከተጋጨ ትልቅ ሞተር ሳይክል ላይ የተነቀለ አውሬ ይዞ መጣ። ‹ቱቦው አይችለውም፣ በወፍራም እንቀይረው› ብለው ‹ፈሪ› አለኝ። ጥዬለት ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈናል።»

«ሥራው ሳያልቅ?»

«ከሞተሩ ጎን ሁለት መጋጠሚያ ቀርቶ ነበር። እሱ ብረቱን ነጥብ ነጥብ እያደረገ ያያይዛል፣ እኔ ዙሪያውን በይጄ እጨርሳለሁ። ያላለቀውን በጠመኔ እናከብበታለን። ቀለም ከነካው ግን አለቀ ማለት ነው፤ እዚህ ቤት ሕጉ ይኸው ነው።»

«ቀለሙንስ ማን ቀባው?»

ዓይኑን አሸሸባት። «እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ!»

የሟቹ ሚስት ጓዳ ውስጥ ነበረች፤ ከማልቀስ ብዛት ድምጿ ተዘግቷል።

«ጠዋት አባባ መጥተው፣ ‹ወንድምህ ታርቆሃል፣ ቀለሙን እሱ ቀብቶልሃል› ሲሉት እንደ ሕፃን ነው የዘለለው። ሳይቆይ አስነስቶ ወጣ። ለካ ጉድጓዱን ምሶለት ኖሯል! አይ የእናት ልጅ!»

አባትየው በረንዳው ላይ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ግድግዳ ሲቀቡ የኖሩ ሰው ናቸው። መርማሪዋን ሲያዩ ሊነሱ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ ስላለ ግድግዳውን ይዘው ተመልሰው ተቀመጡ።

«አይነሱ አባባ፣ በሞቴ! ቀለሙን የቀባው ማን ነው?»

«ታናሽየው ነው» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። «ለታላቅየውም እንደዚያው ብዬዋለሁ። ቀለም ምን ያደርግልሻል ልጄ? ይልቅ ልጄን ፍቺልኝ። አንዱን አጥቼ ሌላውን ልታሥሪብኝ ነው?»

አንጀቷን በሉት። ቢሆንም ወደ ብረቱ ሄደችና አጠገቡ ተንበረከከች። የብሩሽ መስመር ይታያል፤ ከላይ ወደ ታች፣ ቀጥ ቀጥ ያለ። የቀለም መርጫው ኮምፕሬሰር ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ ቆሟል። ጎንበስ ብላ የሻንሲውን ሆድ አየች፤ ቀለም የሚባል አልነካውም። የተሰበረው መጋጠሚያ ላይ ያለውን ቀይ በጥፍሯ ፋቅ ብታደርገው፣ ከሥሩ የጠመኔ ክብ ብቅ አለ።

ዝም ብትልስ? ልጁ እንደሆነ አምኗል፤ ሽማግሌውም ሳያውቁት ይኖራሉ። ነገር ግን አንድ ሰው ወንድሙን ገደለ ተብሎ ሊታሠር ነው። ሁሉንም ስብርባሪው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

ታናሽየው ፊቷን ሲያይ ገባው። «እህቴ፣ በቃ ተይው። በእናትሽ!»

«አልችልም» አለች። «ይህን የቀባው ሰው የቤታችሁን ሕግ አያውቅም። ጠመኔው ከቀለሙ ሥር አለ። አንተ ብትሆን ያንን ክብ እያየህ አትቀባውም። ለተንኮል ብታስብ ደግሞ መጀመሪያ ትጠርገው ነበር።»

«ቸኩዬ ነው!»

«የቸኮለ ሰው ኮምፕሬሰር አጠገቡ ቆሞ በብሩሽ አይለፋም። የቀባው ሰው እጁ ብሩሽ የለመደ ነው፤ ብረቱን እንደ ግድግዳ ነው የቀባው። ሆዱን ግን ትቶታል። አንተ ጎንበስ ብትል ትደርስበታለህ፤ እሱ ግን ጉልበቱ አልታጠፈለትም። አንተ ይህን ገና ስታየው የማን እጅ እንደሆነ ለይተሃል። ለዚህ ነው ለካቴና የተሽቀዳደምከው።»

ሚስትየዋ ቀስ ብላ ወደ አማቷ ዞረች።

«እኔማ…» አሉ ሽማግሌው። «ኩርፊያው ቢበዛብኝ ነው። ሞተሩ ተቀምጧል፣ ጎማው ገብቷል፣ የቀረው ቀለም ብቻ መሰለኝ። ማታ ቀብቼ ‹ወንድምህ ነው› ብለው ልቡ ይራራል ብዬ ነው።» «ታዲያ ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ?»



«እሱስ ምነው ሳያየው?» አለች ሚስትየዋ።

«ያለቀ መስሎታላ! እኔ የበየድኩትን ደግሞ አንድም ቀን ፈትሾ አያውቅም» አለ ታናሽየው።

መርማሪዋ ካቴናውን ፈታችለት። ሄዶ አባቱ እግር ሥር ተቀመጠና ሁለት እጃቸውን ያዘ።

«አባዬ፣ አንተ አይደለህም። እልኸኞቹ እኛ ነን። ‹ወንድምህ ቀባልህ› ስትለው ግን ምን አለ?»

«አለቀሰ። ‹ትልቅ ሆኜ ይቅርታ ሳልጠይቀው ቀደመኝ› አለ። ‹አሁኑኑ ቤቱ ድረስ ነድቼ፣ ከኋላዬ አስቀምጬ አንድ ዙር አዞረዋለሁ› አለ።»

«ወደ እኔ እየመጣ ነበር?»

«ወዳንተ ነበር ልጄ።»

ታናሽየው ለወንድሙ ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው።