ሁለት የወይራ መፋቂያ

መኪያ ደጀኔን የምታዋርድበትን ቀን ሰባት ዓመት ሙሉ ስትመኝ ኖራለች። ቀኑ ዲላ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ እሱ አፉን ከፍቶ እሷ ባትሪ እያበራች ይመጣል ብላ ግን አልጠበቀችም።

አዲስ አበባ የባዮሎጂ መምህርት ናት። በሰባ ስምንት ዓ.ም. ክረምት ወደ ትውልድ ከተማዋ የመጣችው የድድ በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች ከስኳርና ከልብ ሕመም ጋር ያላቸውን ዝምድና ልታጠና ነው። ከየሰዉ ድድ ናሙና በጥጥ ትወስዳለች፣ ትጠይቃለች፣ ትመዘግባለች።

«አርባ አንድ» ብላ ተጣራች። መጥቶ የተቀመጠው እሱ ሆነ።

ዲላ አብረው ሲያስተምሩ ሊጋቡ ቃል ተገባብተው ነበር። በየቅዳሜው ከዱመርሶ ገጠር ሁለት የወይራ መፋቂያ ቆርጦ ያመጣል፤ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለአባቷ ለነጋዴው ለአብዱልሰመድ። ሽማግሌው ጴንጤ አማች ባይመኝም በዚያች መፋቂያ ልቡ ራርቶ ነበር። በሰባ አንድ ደጀኔ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሳና «አብዱልሰመድ ጨው ደብቋል» አለ። ውሸት ነበር። አባቷ ሁለት ዓመት ታሰረ።

«አፍህን ክፈት» አለችው።

ድዱ አብጧል፤ ገና ነካ ስታደርገው ደማ። ደስ አላት።

«በምን ትፋቃለህ?»

«መፋቅ ትቻለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰባ አንድ። ለማን ብዬ ልቁረጥ?»

መልሱን ጻፈችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

«ውሃ ይጠማሃል?»

«እንስራ ሙሉ ብጠጣ አልረካም።»

ሽንቱን ተቀብላ ከስኳር መመርመሪያው መድኃኒት ጋር ስታሞቀው እንደ ሸክላ ቀላ። ስኳር ነው። «ጨርሰናል፣ ሂድ» ብትለው በራሱ ጊዜ ይሞትላታል። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«ለምን አደረግከው?» አለችው በምትኩ።

«ተደብቀን መጽሐፍ ቅዱስ ስናነብ የቀበሌ ሰዎች ያዙኝ። ወይ ትታሰራለህ፣ ወይ ነጋዴውን ታጋልጣለህ አሉኝ። ፈራሁ፣ መኪያ።»

«ስኳር አለብህ፤ ካልታከምክ ይገድልሃል። ሞተህ እንድትገላገል ግን አልፈልግም። ወደ ይርጋለም ሆስፒታል የምጽፍልህን ወረቀት ቅዳሜ አባቴ ፊት መጥተህ ውሰድ።»

ቅዳሜ መጣ። እንደ ድሮው ሁለት መፋቂያ በእንሰት ቅጠል ጠቅልሏል። አንዱን አጎንብሶ ለሽማግሌው ሰጠ። አብዱልሰመድ አሸተተውና ፈገግ አለ። አፉ ውስጥ አንድም ጥርስ የለም።

«እስር ቤት ድዴ ሲደማ፣ ሲደማ ከርሞ አንድ በአንድ ረገፉ» አለ። «እሷም ይህን ጥናት የያዘችው በእኔ አፍ የተነሳ ነው።»

ደጀኔ የሽማግሌው እግር ላይ ወድቆ እንደ ልጅ አለቀሰ። መኪያ ቆማ አየችው። ይህን እንዲያይ ነበር የጠራችው፤ ጣፈጣት፤ ግን ካሰበችው በላይ ቶሎ አለቀባት።

«ተነስ» አለ አብዱልሰመድ፣ መፋቂያውን እየመለሰለት። «ለእኔስ አይሆነኝም። ሁለቱንም ለእሷ ስጣት።»

መፋቂያዎቹን ተቀብላ ወረቀቱን ሰጠችው።

«ማክሰኞ ይርጋለም ሂድ። ይቅር አላልኩህም።»

«አውቃለሁ።»

«ከዚያ በየቅዳሜው እየመጣህ ድድህን አያለሁ።»

«ባዶ እጄን ልምጣ?»

በሩን ከፈተችለት። ከግቢው ከወጣ በኋላ የአንዱን መፋቂያ ጫፍ በጥርሷ ላጠችና አኘከችው። መረራት፤ አልተፋችውም።