የባሕሩ ሰዓት ጸሐፊ

ቺዙሩ ግድግዳው ላይ ያለውን የባሕር መመለሻ ሰዓት ሠንጠረዥ ደግማ ስታየው ክው አለች። ጠዋት መስመር ስታ በዛሬው ፈንታ የነገን ሰዓት ሰሌዳው ላይ ጽፋለች። ባሕሩ የሚመለሰው በአምስት ሳይሆን በአራት ሰዓት ነው። አሁን ደግሞ አራት ሊሆን ምንም አልቀረው!

ፍል ውሃው የሚፈልቀው ባሕሩ ውስጥ ካሉት ቋጥኞች መሃል ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ይገለጣል፤ ሲመለስ ይዋጣል። የሚመለስበትን ሰዓት መንገዱ ጫፍ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት አያቷ ኪሄይ ናቸው፣ አርባ ዓመት ሙሉ። መንደሩ የሚያውቀው ይህን ነው። ከአዲስ ዓመት ወዲህ ግን ዓይናቸው ቁጥር አይለይም፤ የምትጽፈው ቺዙሩ ናት።

«ማንም እንዳይሰማ» ብለው አስምለዋታል። «ሰሌዳውን ከቀሙኝ ጠዋት ለምን እነሣለሁ?»

ኩሩ ሽማግሌ እንዲህ ነው፤ ክብሩ ለራሱ፣ ሸክሙ ለልጅ።

እየሮጠች መንገዱ ጫፍ ስትደርስ ኪሄይ ሰሌዳው ሥር ተቀምጠዋል። ታች ፍል ውሃው ውስጥ የቀሩት እማማ ቶሜ ብቻ ናቸው፤ ጉልበታቸው እንኳን ቋጥኝ ደረጃም አይወጣ።

«አባባ፣ ሰዓቱን ተሳስቻለሁ! ባሕሩ እየመጣ ነው።»

«ቶሜ ሕፃን አይደለችም። ውሃው ሲቀዘቅዛት ትወጣለች።»

«በየትኛው ጉልበታቸው?»

«ዝም በይ ብያለሁ!»

ማዕበሉ ቋጥኙን ዘሎ ፍል ውሃው ውስጥ ተከሰከሰ። እማማ ቶሜ ሊነሡ ሞከሩ፤ አዳልጧቸው ተመልሰው ቁጭ አሉ።

ቺዙሩ ቁልቁል በረረች። ብብታቸው ሥር ገብታ ስትጎትታቸው ሁለተኛው ማዕበል ወገቧን መታት።

«ልብሴ! ልብሴን ወሰደው!»

«ይውሰደው እማማ፣ ይራመዱ!»

«አንቺ ምን አለብሽ! ራቁቴን መንደር የምገባው እኔ!»

እየተንፏቀቁ ወጡ። እማማ ቶሜ የቺዙሩን ጃኬት ደርበው፣ እየተንቀጠቀጡ ኪሄይ ፊት ቆሙ።

«አምስት ሰዓት ብለህ አልጻፍክም? አንተ ሽማግሌ፣ ዓይንህ ጠፋ እንዴ?»

ኪሄይ ልጅቷን ፍለጋ ፊታቸውን ያዞሩት እሷ ወደሌለችበት ነበር።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች ቺዙሩ።

«ዛሬን ብቻ?»

አዎ ብትል ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። ነገም ማንም ሳያያት ትጽፋለች፤ ከነገ ወዲያም። ታች ፍል ውሃው የነበረበት ቦታ አረፋ ብቻ ሆኗል።

«አይ፣ እማማ» አለች። «ከአዲስ ዓመት ጀምሮ ነው።»